ማዘል ማንሳት ነው እንዴ?

በመንግሥት ሥራ ሠላሳ ሦስት ዓመት አገለገልኩ። በጡረታ ደብዳቤዬ ላይ የሥራ መደቤ «የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ» ተብሎ ተጽፏል፤ ታካሚዎቼ ግን ነጭ ጋዋን የለበሰችን ሴት ሁሉ በሚጠሩበት ስም «ሲስተር» ሲሉኝ ኖረዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «ሲስተር አይደለሁም» እያልኩ አርማቸው ነበር፤ በኋላ ተውኩት።

የመጨረሻው ሳምንት በርክክብ አለፈ። አልጋው፣ የግድግዳው መሰላል፣ የማዕዘን መለኪያው፣ የላስቲክ ገመዶቹ አንድ በአንድ ተቆጥረው ተፈረመባቸው። ክፍሉን የተረከበችኝ ባለሙያ ሁሉንም ከጨረሰች በኋላ ከጠረጴዛዬ በላይ የተለጠፈውን ወረቀት ቀና ብላ አየችና «ይሄኛውስ? ከዝርዝሩ ውስጥ የለም» አለችኝ። ወረቀቱ ላይ ያሉት ግሦች ብቻ ናቸው፤ ማንሳት፣ መሸከም፣ ማዘል፣ ማቀፍ እያለ እስከ ግርጌው ይወርዳል። «የሆስፒታሉ ንብረት አይደለም፤ ከፈለግሽ ይቆይ» አልኳት። ለምን እንደተለጠፈም በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገርኳት። ሙሉው ነገር ግን ከሁለት ዓረፍተ ነገር ይበልጣል።

ሥራ የጀመርኩት አንኮበር፣ በጤና ረዳትነት ነው። ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ የሚወስደው ቁልቁለት በገበያ ቀን ሰውም በቅሎም እኩል የሚንሸራተቱበት ስለሆነ፣ ጤና ጣቢያችን የስብራት ችግር አጥቶ አያውቅም። ሲወድቅ እጁን የሰደደ ሰው አጥንቱ የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ቦታ በአንዱ ነው፤ ከእጅ አንጓ፣ ከክርን ወይም ከትከሻ ሥር። አንጓና ክርን ሲሰበሩ ይጣመማሉ፤ ስለዚህ ቶሎ ወደ እኛ ይመጡ ነበር። ከትከሻ ሥር የተሰበረው ግን በሥጋ ተሸፍኖ ስለማይታይ «ወለም ብሎኝ ነው» ተብሎ ይታሻል። እኛ ዘንድ የሚደርሰው ክንዱ ጠቁሮ፣ ወር አልፎት ነው። ያኔ የምናደርገው ነገር ቢኖር በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥለን መላክ ነበር። ከዚያ በኋላ ክንዱ ምን ያህል እንደሠራ፣ ምን እንደቀረበት ማንም አይጠይቅም። እኔ ግን የገበያ ቀን ቁልቁለቱ አፍ ላይ ቆሜ፣ ያሰርኳቸው ሰዎች በየትኛው እጃቸው ሰላም እንደሚሉኝ መመልከት ጀመርኩ። ወደዚህ ሙያ የገባሁት በዚያ ምክንያት ይመስለኛል።

አዲስ አበባ ለትምህርት ተልኬ ስመለስ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተመደብኩ። ስለ ደመወዝና ስለ ደረጃ ዕድገት የምጽፈው ብዙ የለኝም፤ ሁለቱም ዘግይተው መጡ፤ መምጣቱን ግን መጡ።

የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ወርቁ ነበሩ። አጭር፣ ቁጥብ፣ ከሰው በፊት ገብተው ከሰው በኋላ የሚወጡ ሰው ናቸው። የደብረ ብርሃን ጠዋት ብረት የማያስጨብጥ ስለሆነ፣ በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሞቀ ውኃ ሳፋ ውስጥ ነክረው ያቆያሉ። «ቀዝቃዛ እጅ የነካው ትከሻ ይሸሻል፤ የሸሸ ትከሻ ደግሞ አይለካም» ይሉ ነበር። ሳፋው እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚያው ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ገበሬ ለክትትል መጡ። «አባ፣ እንዴት ነዎት?» አልኳቸው።

«ተመስገን! ደህና ነኝ።»

ካርዱ ላይ «ደህና» ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ ወርቁ ካርዱን አንስተው አነበቡ።

«እኚህ ሰው ለማን ነው መልስ የሰጡት?»

«ለእኔ» አልኩ።

«ለፈጣሪያቸው ነው። አንቺ መሀል ገብተሽ ጻፍሽው።»

ከሰላምታ በኋላ «እንዴት ነዎት» ማለት በዚያ ክፍል የተከለከለ ነበር። በምትኩ ያስደርጋሉ። ክርስቲያኑን «እስቲ ያማትቡልኝ» ይላሉ። እጅ ግንባር ድረስ ይወጣል፤ ወደ ደረት ይወርዳል፤ ወደ ግራ ትከሻ ይሻገራል፤ ወደ ቀኝ ይመለሳል። አራት እንቅስቃሴ፣ በየቀኑ የሚደረግ፣ ማንም የማይረሳው። በዚያ ላይ አንድ ምስጢር አስተማሩኝ፤ «እጁን አትይ፣ አንገቱን እዪ።» ክንዱ ያልወጣለት ሰው ግንባሩን ዝቅ አድርጎ ወደ እጁ ያመጣል። ራሱም አያውቀውም። ግንባርና እጅ ተገናኝተዋል፤ የተጓዘው ግን አንገት ነው።

ከአሊዩ አምባ የመጡ አንድ ነጋዴ ሐጂ ሲገቡ ደግሞ ጋሽ ወርቁ «ሐጂ፣ ሶላት ሲጀምሩ እንደሚያደርጉት እጅዎን ያንሱልኝ» አሏቸው። ግራው ጆሮ ደረሰ፤ ቀኙ ጉንጭ ላይ ቀረ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?» አሉ ሐጂ።

«እርስዎ ባይፈልጉ እኔ እፈልጋለሁ። ጆሮዎ ድረስ ሳላደርሰው አልለቅዎትም።»

«ኧረ ተው ወርቁ፣ የገበያ ሰው ነኝ!»

«ገበያውም ሁለት እጅ ይወዳል።»

ከሁለት ወር በኋላ እጃቸው ጆሯቸው ደረሰ። ካርዱ ላይ ከማዕዘኑ ቁጥር አጠገብ ጋሽ ወርቁ በእርሳስ ያሰመሩት ጠባብ ዓምድ ነበር፤ እዚያ የሚጻፈው ግሥ ነው። «አማተበ።» «ሻሿን አሰረች።» «ጎረሰ።» አንድ ጊዜ «ጎረሰች» ብዬ ስጽፍ «አጎረሰችስ?» ብለው ጠየቁኝ። መጉረስ ክርን ካጠፈ ይበቃዋል፤ ለማጉረስ ግን ክንድ መዘርጋት አለበት። እኔ ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም ነበር።

ጋሽ ወርቁ ጡረታ ከወጡ በኋላ የታተመ ቅጽ መጣ። ውጤቱ በሦስት ሳጥን ነው፤ ጥሩ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ። ቅጹን በደስታ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ንጹሕ ነበር፤ ለመደመር ይመቻል፤ ሪፖርታችንም በጊዜው ይደርስ ጀመር፤ የምስጋና ደብዳቤ አግኝቼበታለሁ። የእርሳሱ ዓምድ ግን ቦታ ስላልነበረው ቀረ።

የትከሻ መገጣጠሚያ ቅየራ የተደረገላቸው ታካሚዎች ወደ እኛ መምጣት የጀመሩት በመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመታቴ ነው። ቀዶ ሕክምናው የሚደረገው አዲስ አበባ ነበር፤ ቀሪው፣ ማለትም ወራት የሚፈጀው ሥራ፣ የእኛ ነው። የላይኛው ክንድ አጥንት ራስ ሲፈረካከስ፣ በተለይ አጥንታቸው በሳሳ እናቶች ላይ፣ ስብርባሪውን መልሶ መግጠም አንዳንዴ አይቻልም። ያን ጊዜ የአጥንቱ ራስ ወጥቶ በብረት ይተካል፤ መተኪያውም ሁለት ዓይነት ነው። በቀድሞው ዓይነት ውጤቱ የሚወሰነው በብረቱ አይደለም፤ ጅማቶቹ የታሰሩባቸው ትናንሽ የአጥንት ጉብታዎች መልሰው በመያዛቸው ነው። ካልያዙ ክንዱ አይወጣም፤ ሕመሙ ብቻ ይቀንሳል። በአዲሱ ዓይነት ኳስ የመሰለው የአጥንት ራስና እሱን የሚቀበለው ዋንጫ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ኳሱ በትከሻው አጥንት ላይ፣ ዋንጫው በክንዱ ላይ ይሆናል። ይህኛው ክንድን ለማንሳት በትልቁ የትከሻ ጡንቻ ስለሚተማመን የጅማቶቹን ጉድለት ይሸፍናል። ድክመቱ ሌላ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት እጅ ከወገብ ኋላ ዞሮ ክብደት ካረፈበት መገጣጠሚያው ሊወልቅ ይችላል። ይህን አስቀድሜ አውቅ ነበር። ማወቄ እዚህ ይመዝገብልኝ።

በእጄ ያለፉት ታካሚዎች ጥቂት ስለሆኑ ድምዳሜ የመስጠት መብት የለኝም። ያየሁትን ብቻ ልበል። ሳይታሹ ቶሎ የመጡት የተሻለ ውጤት አገኙ። አብዛኞቹ ሕመማቸው ቀነሰ። ክንዳቸው ከትከሻቸው በላይ የወጣላቸውም፣ ያልወጣላቸውም አሉ።

ወይዘሮ ዘነበች ከምዕራብ ኦሮሚያ ተፈናቅለው በከተማችን መጠለያ የሚኖሩ፣ እርሻ የለመዱ እናት ናቸው። የውኃ ቦቴ በመጣበት ጠዋት ጀሪካን እንደያዙ ጭቃ አንሸራትቷቸው በቀኝ ትከሻቸው ወደቁ። አጥንቱ አራት ቦታ ተከፍሎ ስለነበር አዲስ አበባ ተልከው አዲሱ፣ የተገለበጠው ዓይነት መገጣጠሚያ ተገጠመላቸው። ወደ እኔ ያመጣቻቸው ልጃቸው ሙሉ ናት፤ የዘጠኝ ወር ሕፃን ታቅፋ ነበር። ሙሉ ከብዙ ፍለጋ በኋላ አንድ ፋብሪካ ተቀጥራለች። እሷ ሥራ ስትውል ሕፃኗን፣ ትዕግሥትን፣ የሚይዙት እናቷ ናቸው። ሌላ ሰው የላቸውም። ወይዘሮ ዘነበች ገና ሳይቀመጡ ነገሩን ግልጽ አደረጉልኝ፤

«ሲስተርዬ፣ አንቺ የምታክሚው ይሄ ክንድ የሙሉ እንጀራ ነው። እንደዚያ አድርገሽ ያዢው።»

ከቀዶ ሕክምናው ጋር የሚሰጠው የጥንቃቄ ወረቀት በውጭ ቋንቋ የተጻፈ ነበር። ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። ቃል በቃል፣ ምንም ሳልጨምር፣ ምንም ሳልቀንስ መልሼው ስለነበር ኮርቼበታለሁ። ለሦስት ወር የሚጠበቁትን ነገሮች ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«አንደኛ፣ ከባድ ዕቃ አያንሱ።»

«ጀሪካንም?»

«ጀሪካን አይንኩ።»

«እሺ፣ ሙሉ ትቀዳለች።»

«ሁለተኛ፣ ሸሚዝዎን ከኋላ በኩል ወደ ሱሪዎ አይክተቱ።»

ወይዘሮ ዘነበች ልጃቸውን አዩ፤ ቀጥለው ቀሚሳቸውን አዩ። «ኧረ ሲስተር፣ እኔን ሱሪ ታጥቄ የት አየሽኝ?»

«እማ ደግሞ፣ ለወንዶቹ እኮ ነው» አለች ሙሉ።

ሦስታችንም ሳቅን። እኔም ወደ ሦስተኛው ተራ አለፍኩ። የስህተቱን ቦታ በትክክል ማመልከት ካስፈለገ፣ እዚያ ላይ ነው።

በስምንተኛው ሳምንት ክንዳቸውን ለካሁ። ወደ ፊት ከትከሻቸው እኩል ሊደርስ ትንሽ ነበር የቀረው፤ ለጊዜው ከሚጠበቀው በላይ ነው። «ዕቃ አንስተዋል?» አልኩ። «ኧረ በጭራሽ!» አሉ። «ሕመምስ?» «ተመስገን፣ ደህና ነኝ።» ጥሩ የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግሁ።

በዐሥራ አንደኛው ሳምንት በሩን ከፍተው ሲገቡ ገና ከሩቅ አየሁት። የትከሻቸው ክብነት ጠፍቷል፤ በነጠላቸው ሥር እንደ ጠረጴዛ ጫፍ ቀጥ ብሎ ወርዷል። በራጅ ተረጋገጠ፤ መገጣጠሚያው ወልቋል፤ ከወለቀም ሰንብቷል። ቀድመው ያልመጡት «ትንሽ ጠቅ አድርጎኝ ተወኝ» ብለው ነው።

«ወድቀው ነበር?»

«አልወደቅኩም።»

«ምን አነሱ?»

«ምንም አላነሳሁም።»

«እማማ፣ ይንገሩኝ። ማንም አይቆጣዎትም።»

«ሲስተር፣ በማርያም! ከዚያን ቀን ወዲህ ማንኪያ እንኳ በግራዬ ነው። ሙሉ ትመስክር።»

ሙሉ መሰከረች። ወይዘሮ ዘነበች አልዋሹም፤ ፊታቸውን አይቼ አውቄያለሁ። ያልተረዳሁት ወረቀቱን ጠብቀው እንዴት እንደወለቀ ነበር። በዚህ መሀል ትዕግሥት በሙሉ ክንድ ላይ አለቀሰች። ወይዘሮ ዘነበች ሳያስቡት ከወንበሩ ተነሱ፤ ጎንበስ አሉ፤ ጀርባቸውን ለሕፃኗ ሰጡ፤ ቀኝ እጃቸውም የሕፃኗን መቀመጫ ሊደግፍ ከወገባቸው ኋላ ለመዞር ሞከረ። አልዞረም። «እፍ» ብለው ቀጥ አሉ።

«ያዝላሉ?» አልኩ።

«ማንን?»

«ሕፃኗን። ያዝሏታል?»

«ታዲያ ምን ላድርጋት? ቀኑን ሙሉ መሬት ላስቀምጣት?»

«ከባድ አያንሱ ብዬ አልነበረም?»

ወይዘሮ ዘነበች በእውነት ግራ ተጋብተው አዩኝ። «እኔ አነሳኋት እንዴ? አንስታ ጀርባዬ ላይ የምታደርግልኝ ጎረቤቴ ናት፤ እኔ አዝላለሁ እንጂ። ማዘል ማንሳት ነው እንዴ? ደግሞ ልጅ ዕቃ ነው?»

በአማርኛ ማዘል ማንሳት አይደለም፤ ልጅም ዕቃ አይደለም። አንቀልባውን ለማጥበቅ እጅ ከወገብ ኋላ ይዞራል፤ ሕፃኗ ስትንሸራተት ያው እጅ ከሥር ይደግፋታል። ወረቀቱ በሸሚዝና በሱሪ ሊከለክል የፈለገው ይህንኑ አቀማመጥ ነበር፤ በባሰ ክብደት። እኔ ራሴ ሦስት ልጆች አዝዬ ያሳደግሁ ነኝ።

ሙሉ ሕፃኗን እያባበለች፣ ቀና ሳትል ተናገረች። «ወረቀቱን ያነበብሽልን አንቺ ነሽ። እኔ በየቀኑ እያሳዘልኳት ነው ሥራ የምሄደው። ልጅም አለበት ብትይን ኖሮ…» አልጨረሰችውም። መጨረስም አላስፈለጋትም።

ወይዘሮ ዘነበች ተመልሰው አዲስ አበባ ሄዱ። መገጣጠሚያው ሳይከፈት ሊመለስ ስላልቻለ ትከሻው እንደገና ተከፈተ። ሙሉ እናቷን ልታስታምም ሄዳ ስትመለስ ቦታዋ በሌላ ተይዞ ጠበቃት። ስለ ጉዳዩ ለአስተዳደሩ ሪፖርት ጽፌአለሁ፤ ወረቀቱን የተረጎምኩት እኔ መሆኔንም አስፍሬአለሁ። የተጠየቀ ሰው አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ጋሽ ወርቁን ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። አርጅተዋል፤ እጃቸውን አሁን የሚያሞቁት ለራሳቸው ነው። ነገሩን በቅደም ተከተል ነገርኳቸው።

«ምን ብለሽ ጠየቅሻት?»

«ምን አነሱ ብዬ።»

«ማንሳት የሚለውን ግሥ ማን ሰጠሽ?»

«ወረቀቱ።»

«እንግዲያው ያከምሽው ወረቀቱን ነዋ» አሉ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። ቀጥለው «ዓምዱን ለምን አጠፋሽው?» አሉኝ።

«ቅጹ ላይ ቦታ የለውም።»

«ጀርባው ባዶ አይደለም?»

በማግሥቱ በቅጹ ጀርባ አሰመርኩ። የጥንቃቄ ወረቀቱንም እንደገና ጻፍኩት፤ በዚህ ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ አልነበረም። ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁትን ሴቶች «ከጠዋት እስከ ማታ እጃችሁ ወገባችሁ ኋላ የሚሄደው ምን ስታደርጉ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ ተሳሳቁ። ከዚያ ከለሚ የመጣች አንዲት ሴት «መቀነቴን ከኋላ ስቋጥር» አለች። ከመዘዞ የመጣችው «በግ ስጎትት፤ ገመዱን በኋላዬ ይዤ እኮ ነው የምሄደው» አለች። ሌላዋ «እንጨት ስሸከም» ስትል፣ አንዷ «አንቺ ደግሞ፣ ባልሽ ጀርባሽን ሲያክልሽ በይ እንጂ!» ብላ ኮሪደሩን አሳቀችው። ሁሉንም ጻፍኩ፤ ከመጨረሻው በቀር። ሸሚዝና ሱሪ ወጡ። ሁለተኛው ተራ አሁን «እጅዎን ከወገብዎ ኋላ አያሻግሩ፤ ልጅ አያዝሉ» ይላል። ከጠረጴዛዬ በላይ የተለጠፈው ወረቀት የዚያ ቀን ረቂቅ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ክፍላችን በመጡት ታካሚዎች በዚህ ምክንያት የወለቀ ትከሻ አላየሁም፤ ይህን ስል ጥቂት እንደነበሩ በድጋሚ እያሳሰብኩ ነው።

ወይዘሮ ዘነበች ለመጨረሻ ጊዜ የመጡት ርክክቡ ከመጀመሩ በፊት ባለው ሐሙስ ነበር። ሁለት ዓመት አልፏል። ትዕግሥት በእግሯ ቀድማቸው ገባች። መዋዕለ ሕፃናት ትውላለች፤ ሙሉም ሌላ ሥራ አግኝታለች። ይህን የሕክምናው ውጤት አድርጌ አልመዘግበውም፤ ልጅቷ ስላደገች የሆነ ነው።

እጄን ከሳፋው አውጥቼ አደረቅሁ። ትከሻቸውን ዳሰስኩ፤ አልሸሸም።

«እስቲ ያማትቡልኝ።»

አማተቡ። እጃቸው ወጣ፤ ግንባራቸው ላይ አረፈ፤ ወደ ደረታቸው ወረደ፤ ግራውን ትከሻ ነካ፤ ተመለሰ። እኔ የማየው አንገታቸውን ነበር።

«እጄ ደረሰች አይደል?» አሉ ደስ ብሏቸው።

ቅጹን ገልብጬ በጀርባው ጻፍኩ።

«ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው? አንብቢልኝ።»

ሳጥኖቹን ማንበብ እችል ነበር። ዓምዱን አነበብኩላቸው፤ «አማተቡ። እጃቸው እስከ አገጫቸው ደረሰ፤ የቀረውን አንገታቸው ሞላው።»

«እንዴ፣ ድሮስ አንገቴን ሳልደፋ አማትቤ አውቃለሁ?» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ «ልክ ነው። እንዳለ ይቀመጥ» አሉ።

ሲወጡ ትዕግሥት ከኋላቸው ቀሚሳቸውን ይዛ «እማማ፣ እዘይኝ» አለች። ወይዘሮ ዘነበች ጎንበስ ሊሉ ጀምረው ተገቱ፤ ወደ እኔም ዞር ብለው አዩ። «ከእንግዲህ በእግርሽ ነው፤ ሲስተር እያየችን ነው» አሏትና እጃቸውን ዘረጉላት። ቀኛቸውን ነው። ከአገጭ በላይ የማይወጣው እጅ ለልጅቷ እጅ በትክክል ይደርሳል። ተያይዘው በኮሪደሩ ወረዱ።

ቅጹ ገና ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከማስገባቴ በፊት በዓምዱ ግርጌ አንድ ግሥ ጨመርኩ፤ «በቀኝ እጃቸው ልጅ ይመራሉ።» ፈርሜ ፋይሉ ውስጥ አስገባሁት።